አረጋውያንን መጦር ማብላትና ማልበስ ብቻ ነውን?

በአገራችን አዛውንት ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። ሁላችንም ይህን ምርቃት «አሜን» እያልን አድገናል። ለመሆኑ «ጧሪ» ማለት ምን የሚያደርግ ሰው ነው? ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «የሚያበላ፣ የሚያለብስ፣ ሲታመሙ የሚያሳክም ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱን የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ስለሆነ ጽሑፋችንንም ከዚያው እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት ከክበባችን የተውጣጣን ሃያ ያህል ሠልጣኞችና ሁለት መምህራን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ከየኪሳችን አዋጥተን ሳሙና፣ ስኳርና ብስኩት ይዘናል። ገና እንደ ደረስን አረጋውያኑ ከያሉበት ተጠርተው በአዳራሽ እንዲቀመጡ ተደረገ። ንግግር አደረግን፤ ዘፈንን፤ ስጦታችንን እያደልን ፎቶግራፍ ተነሣን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን ስንወጣ አንድ አባት ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ በሩ ሸኙንና «መቼ ትመጣላችሁ?» አሉን። «በቅርቡ እንመጣለን አባባ» አልናቸው። «በቅርቡ ማለት መቼ ነው? ቀኑን ንገሩኝ እንጂ» አሉ። ሳቅንና ሄድን።

ከዚያ ፈተና መጣ፤ የማስተማር ልምምድ መጣ፤ ክረምት ሆነ። አልተመለስንም። ከወራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ጎራ ቢል፣ እዚያ የምትሠራ አንዲት እኅት «እኚያ አባት እኮ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ወደ በሩ እያስወጡ ይጠብቁ ነበር። አሁን ትተውታል» ብላ ነገረችው።

ይህን ስንሰማ አፈርን። ሳሙናው አልቋል፤ ብስኩቱ ተበልቷል፤ የቀረው መጠበቁ ብቻ ነበር። ታዲያ ጥፋታችን ምኑ ላይ ነው? መሄዳችን ነው ወይስ አካሄዳችን? ይህን ለማወቅ ስንል ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን አነበብን፤ የሚያውቁትንም ጠየቅን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን።

አረጋውያን ለምን ከቤታቸው ይወጣሉ?

በወላይታ አዛውንት የሚጦረው በገዛ ቤቱ ነው። በጓሮው እንሰት አለ፤ ልጅና የልጅ ልጅ አለ፤ ጎረቤትና እድር አለ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ጋብቻ ሲታሰብ ምክር የሚጠየቁት አዛውንቶች ናቸው። ስለዚህም «የአረጋውያን መኖሪያ» ሲባል ለብዙዎቻችን የሌላ አገር ነገር ይመስለናል።

ነገር ግን ኑሮ እየተለወጠ ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬቱ ለልጅ፣ ቀጥሎም ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ሌሎች ከተሞች፣ አልፎም ወደ ትላልቅ እርሻዎች ይሄዳል። ከእኛስ መካከል ወንድሙ ወይም እኅቱ ከቤት ርቃ ያልሄደችበት ስንት ሰው አለ? ለጊፋታ ጊዜ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ቤቱ ይሞላል። ጊፋታ ሲያልፍ ግን በቤቱ የሚቀሩት እናትና አባት ናቸው። ልጅ ያልወለዱትማ፣ ወይም ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ የባሰ ነው። ገበሬው እንደ መንግሥት ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው የሚቀበለው የጡረታ አበል የለውም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህም የሚደርሰው በፕሮግራሙ ለታቀፉት ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሥራው በመንግሥት ብቻ የሚዘለቅ ስላልሆነ በጎ አድራጊዎችም ተሰልፈውበታል። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ገብተው ጧሪ ያጡትንና የታመሙትን መቀበል ጀመሩ። በእኛ ዘመን ደግሞ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የማያውቅ የለም። አቶ ቢኒያም በለጠ ሥራውን የጀመረው ጥቂት ችግረኞችን ከጎዳና አንሥቶ በቤተሰቡ ቤት በማስጠጋት ነበር፤ ዛሬ ማዕከሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩም በየሰዉ አፍ ገብቷል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ነፍስ አድን ናቸው። ከጎዳና ለተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አልጋ፣ ምግብ፣ ገላ መታጠብና ሕክምና ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። የእኛ ጥያቄ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው። ሰውየው ከጠገበና ከሞቀው በኋላ ቀኑን እንዴት ይዋለው?

በመኖሪያው ውስጥ የሚጠፋው ነገር

እስቲ የአንድን አባት ቀን እናስብ። በቤታቸው ሳሉ መቼ እንደሚነሡ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ የሚወስኑት እርሳቸው ነበሩ። ጠዋት ጓሮውን ይዞራሉ፤ የተሰበረ አጥር ይጠግናሉ፤ ልጅ ይቆጣሉ። ወደ መኖሪያው ከገቡ በኋላ ግን ጥቂት ሠራተኞች ለብዙ ሰው ስለሚደርሱ ነገሩ ሁሉ በደወል ይሆናል። መነሻው አንድ ሰዓት ነው፤ ቁርሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ልብሱ የተሰጠው ነው። ማንም ክፉ አልሆነባቸውም። እንዲያውም ሥራ የሚያሳጣቸው ደግነቱ ራሱ ነው። መጥረጊያ ሊያነሡ ሲሉ «ተዉት አባባ፣ እኔ ልሥራልዎ» ይባላሉ።

ሰው ካልተጠየቀ ውሎ አድሮ መናገሩን ይተዋል። የሚሠራው ከሌለው መነሣቱን ይተዋል። ያን ጊዜ እኛ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» እንላለን። እውነት እርጅና ብቻ ነውን?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ አረጋውያን በአምስት ክፍል የተመደቡ መርሆችን አጽድቋል። እነዚህም ራስን መቻል፣ ተሳትፎ፣ እንክብካቤ፣ ችሎታን ማዳበርና ክብር ናቸው። ልብ እንበል፤ እኛ «መጦር» የምንለው እንክብካቤ ከአምስቱ አንዱ ነው። አራቱን ሳሙናና ብስኩት አይገዛቸውም።

ሁለት ጥናቶች ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያደረጉት ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በቤቱ በሁለት ፎቆች ለሚኖሩ 91 አረጋውያን የቤቱ ኃላፊ ንግግር አደረገላቸው። ለአንደኛው ፎቅ ሰዎች «ክፍላችሁን እንደ ፈለጋችሁ አሰናዱ፤ ቅሬታ ካላችሁ ንገሩን፤ ፊልም የምታዩበትን ቀን ምረጡ» አላቸው። ቀጥሎም ትንንሽ የአበባ ተክል አቀረበላቸውና የሚወዱትን መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡት ነገራቸው። ለሁለተኛው ፎቅ ሰዎች ደግሞ በመልካም አነጋገር «እናንተን ማስደሰት የእኛ ኃላፊነት ነው» አላቸው። ተክል ለእነርሱም ተሰጣቸው፤ ግን የሚያጠጡላቸው ነርሶች ናቸው። የፊልሙም ቀን ተወሰነላቸው።

እንግዲህ በስጦታው ልዩነት የለም። ፊልሙም ተክሉም ለሁለቱም ደርሷል። ልዩነቱ የመምረጡና የኃላፊነቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታይ ኃላፊነት ከተሰጣቸው መካከል ከመቶ 93ቱ ተሻሽለው ተገኙ፤ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 71ዱ ደክመው ታዩ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላም ቢሆን የፊተኞቹ ንቁዎች እንደሆኑ ተዘግቧል። ስለ ሟቾች ቁጥርም የተባለ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑና ስሌቱም በኋላ ስለ ታረመ እኛ ያንን እንደ ማስረጃ አናቀርበውም።

ሁለተኛው ጥናት ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ጎብኚዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው በ1976 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አርባ ያህል አረጋውያንን ለሁለት ወር ያህል እንዲጎበኙ አደረገ። አረጋውያኑ በአራት ተከፈሉ። አንደኛዎቹ ጎብኚው መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ራሳቸው ይወስናሉ። ሁለተኛዎቹ ባይወስኑም ቀኑ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ሦስተኛዎቹ ዘንድ ጎብኚው ድንገት ይመጣል። አራተኛዎቹን የሚጎበኝ የለም። ውጤቱ ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍሎች በጤናም በመንፈስም ተሻሻሉ። ድንገት የሚጎበኙት ግን ጨርሶ ካልተጎበኙት የተሻሉ አልነበሩም!

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ መሄዳቸውን ተዉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የክትትል ጥናት እንዳሳየው ጉብኝቱ ከተቋረጠ በኋላ ጤናቸውና መንፈሳቸው ያሽቆለቆለው ቀድሞ የተሻሻሉት ሁለቱ ክፍሎች ነበሩ። ሌሎቹ ባሉበት ቆዩ። ይህን ስናነብ ወንበራቸውን ወደ በሩ ያወጡ የነበሩት አባት ትዝ አሉን። «ቀኑን ንገሩኝ» ሲሉ እርሳቸው ጥናት ሳያነቡ ነገሩን ያውቁት ነበር። ጥፋታችን መሄዳችን አልነበረም። ጥፋታችን ቀን አለመቁረጣችንና ተስፋ ሰጥተን መቅረታችን ነው።

አካልን በሚመለከት

መንፈስን አነሣን ማለት አካል ይረሳል ማለት አይደለም። ሊጎበኝ የሚሄድም ሆነ አያቱን በቤቱ የሚጦር ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

ሀ) ጥማት። ሰው ሲያረጅ የውሃ ጥም ስሜቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ካልጠማቸው ተዋቸው» ማለት አይበጅም። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ይሻላል። «ውሃ ይጠጣሉ?» ከማለት ይልቅ «ሻይ ይሁን ወይስ ውሃ?» ቢባል ደግሞ መጠጡም ምርጫውም አብሮ ይመጣል።

ለ) ጆሮ። በእርጅና ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። መጮህ ቃሉን ያበላሸዋል እንጂ አያሰማም። ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጦ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ቀስ ብሎ መናገር ይበልጣል። ይህ ለመምህርም የሚጠቅም ልምድ ነው።

ሐ) ዓይን። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። በቀዶ ሕክምናም ይወገዳል። «አርጅተው ነው» ብሎ ከመተው በፊት ማስመርመር ይገባል።

መ) መተኛት። ከአልጋ የማይነሣ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተተወ ገላው ይቆስላል። በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ የተለመደ እንክብካቤ ነው። መቀመጥ የሚችል ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ከወንበር ብድግ ቁጭ ቢል የእግሩ ጡንቻ አይከዳውም።

ሠ) እግር። ይህ ለወላይታ ልዩ ጉዳይ ነው። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በአካባቢያችን ብዙ አዛውንቶችን ይዟል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በወላይታ ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀው ድርጅት ለዓመታት እንዳስተማረው፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በዚህ ሕመም ምክንያት ከሰው ተገልለው የኖሩ አንዲት እናት እግራቸውን የሚያጥብላቸው ወጣት ሲያገኙ የሚታጠበው እግር ብቻ አይደለም። እርሱም ቢሆን «ውሃው አይፈጅም እማማ? ልጀምር?» ተብሎ ተጠይቆ ነው።

ቋንቋና ትዝታ

ከወላይታ በወጣትነት ወጥቶ በሌላ ከተማ ያረጀ ብዙ ሰው አለ። የማስታወስ ችሎታቸው የሚደክም አረጋውያን በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድመው ሲረሱ፣ በልጅነት የተናገሩት ግን ሲቆይ ይታያል። በዚህም የተነሣ «አይናገሩም» የተባሉ ሰው የሚናገራቸው አጥተው ሊሆን ይችላል። ወላይትኛ የሚያውቅ አንድ ጎብኚ ገብቶ «ሳሮ» ቢላቸው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ምግብም እንዲሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ ቆጮና የቡና ቅጠል ሻይ የለመደ ሰው በወር አንድ ቀን እንኳ ያንን ቢያገኝ አፉ ብቻ ሳይሆን ትዝታውም ይከፈታል።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 በጻፈው ጽሑፍ አረጋውያን ስላለፈ ሕይወታቸው ደጋግመው ማውራታቸው መጃጀት ሳይሆን ኑሯቸውን መለስ ብለው የሚመረምሩበት ሥራ መሆኑን አስረድቷል። እኛ ግን «ይህን ነግረውናል እኮ» ብለን እናቋርጣቸዋለን።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ይህ ወሬ ሀብት ነው። በወላይታ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የእንሰቱና የቅጠሉ ስም ያለው በአዛውንቶቹ ዘንድ ነው። ደብተር ይዘን «ያስተምሩን» ብለን ብንቀመጥ ከተጧሪነት ወደ መምህርነት ይመለሳሉ። ያን ጊዜ የምንለምነው እኛ ነን፤ እርሳቸው ሰጪ ናቸው። በእርግጥ የነገሩንን ከመጻፋችን በፊት ፈቃዳቸውን መጠየቅ አለብን። ፎቶግራፍም እንዲሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ክበባችን ተሰብስቦ የሚከተለውን ወስኗል።

1. ሃያ ሆኖ በዓመት አንድ ቀን መሄድ ይቅር። ሁለት ሁለት ሆነን፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት እንሄዳለን።

2. ቀኑን የሚመርጡት አረጋውያኑ ናቸው። መጎብኘት የማይፈልግ ሰው «አልፈልግም» ቢል ይከበርለታል፤ እርሱም ምርጫ ነው።

3. መቅረት ግድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራል፤ ተተኪም ይላካል።

4. በአዳራሽ አንሰበስባቸውም። ባሉበት፣ ጎናቸው ተቀምጠን እናነጋግራቸዋለን። «አንተ» «አንቺ» የለም። በየስማቸው አባባ፣ እማማ እያልን ነው።

5. ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ አንነጥቅም። ጎመን መቀንጠስ፣ ችግኝ ማጠጣት፣ ልብስ ማጠፍ የሚወድ ካለ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግረን እናግዛለን እንጂ አንተካም።

6. እኛ ሠልጣኞች ተመርቀን መሄዳችን አይቀርም። ስለዚህ ተመራቂው ከመሄዱ ሁለት ወር በፊት አዲሱን ሠልጣኝ ይዞ ሄዶ ያስተዋውቃል፤ ስንብቱንም በግልጽ ይናገራል። ሹልክ ብሎ መጥፋት የለም። ቋሚዎቹ መምህራን ይህን ርክክብ እንዲከታተሉ አደራ ተሰጥቷቸዋል።

«ይህማ ትንሽ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ትንሽ ነው። ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቃል መጠበቅን ነው። መስከረም 21፣ በእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1፣ የዓለም አረጋውያን ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ቀኑ መከበሩ መልካም ነው። ግን ከዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀን ይተርፋል።

በመጨረሻም፣ ወደዚያው መኖሪያ ተመልሰን ሄደን ነበር። በዚህ ጊዜ አራት ብቻ ነበርን፤ የያዝነው ነገርም አልነበረም። እኚያን አባት አግኝተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ግድ የለም፣ ልጆች ናችሁ» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው «ቀኑስ?» አሉ። «እርስዎ ይንገሩን» አልናቸው። አሰቡና «ሐሙስ ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ በፊት እተኛለሁ» አሉ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የየሳምንቱ ተረኞች ስም ከዚህ ጋዜጣ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስላለ ሁላችሁም ተራችሁን ተመልከቱ።